ጢሱ የማን ነው?

«ሲጋራ ያጨሱ ነበር?»

ወጣቱ ሐኪም ይህን ሲጠይቅ አክስቴ መጀመሪያ አልሰማችውም። ደግሞ ሲጠይቃት ወደ እኔ ዘወር አለችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪያባራ ሐኪሙም እኔም ዝም ብለን ጠበቅን።

«ልጄ፣» አለችው በመጨረሻ፣ «እኔ እንኳን ሲጋራ ላጨስ አጫሽ አጠገብም ቁጭ ብዬ አላውቅ። እኔ እንጀራ ጋጋሪ ነኝ።»

ሐኪሙ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ስንት ዓመት ጋገሩ?»

«ይህን ልጅ ለማሳደግ ብዬ ነው የጀመርኩት። ሠላሳ ዓመት ይሆነኛል።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሲጋራ አልጠየቃትም። ትንፋሽ የሚለካውን መሣሪያ አቀረበላትና ሦስት ጊዜ አስነፋት። ውጤቱን ካየ በኋላ የነገረኝ አጭር ነበር፦ የአየር ቧንቧዎቿ ጠበዋል፤ የሳንባዋ ከረጢቶችም ተጎድተዋል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል። ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ጻፈላት። በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ለእኔ ብቻ፣ «ከጢስ ያርቋቸው» አለኝ።

ይህች ትእዛዝ ያን ዕለት ከሁሉ ቀላሏ መስላኝ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ቀላል ሆና ስላላገኘኋት ነው።

* * *

እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ በዚያን ጊዜ ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የሌላት፣ ከአንድ ክፍል ቤትና ከጭቃ ማድ ቤት በቀር የረባ ንብረት ያልነበራት ሴት ናት። ምጣድ ግን ነበራት። ሊጧን አስቀድማ አቡክታ፣ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ተነሥታ እሳቷን ታያይዛለች። ማገዶዋ እንደ ኪሷ ነው፤ ሲሞላላት የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ ሲጎድልባት ቅጠልና ጭራሮ፣ ሲብስባት ሰጋቱራና ኩበት። እኔ ከእንቅልፌ የምነቃው በአክምባሎው መከደንና መነሣት ድምፅ ነበር። ወደ ማድ ቤቱ ስገባ ከወገቧ በላይ አትታየኝም፤ ጢሱ ከጣሪያው እስከ ደረቷ ወርዶ ይቆማል። ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ውጣ፣ ዐይንህ ይጠፋል» ትለኛለች። እሷ ግን አትወጣም።

ማድ ቤቱ መስኮት አልነበረውም። ጣሪያው ጥቀርሻ ለብሶ እንደ ሬንጅ ያብለጨልጭ ነበር። «ጢስ መውጫ አያጣም» ይባላል። እውነት ነው፣ አያጣም፤ መውጫውን ከማግኘቱ በፊት ግን በማን ደረት በኩል እንደሚያልፍ ተረቱ አልነገረንም።

ከሐኪም ቤት የተመለስን ማታ ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አምስት ሰዓት ያህል፣ ለሠላሳ ዓመት፤ ከሃያ ሦስት ሺህ ሰዓት በላይ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ውስጥ የእኔ ደብተር አለ፣ ጫማዬ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ የአውቶቡስ ገንዘቤ አለ። አሁን ይህን የምጽፍበት ፊደልም ከዚያ ጢስ ውስጥ የወጣ ነው። ታዲያ እኔ የአክስቴን እንጀራ ብቻ ነው የበላሁት ወይስ ትንፋሿንም ጭምር?

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ ከእኛ ቀድሞ ያሰበ ይመስለኛል። ነፍስ፣ ነፋስ፣ እስትንፋስ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከአንድ የግዕዝ ሥር የበቀሉ ናቸው። የሰውን ትንፋሽ መውሰድና ነፍሱን መውሰድ ያን ያህል ሩቅ እንዳልሆኑ አያቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

* * *

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው፤ ጢስ ሰውን የሚጎዳው እንዴት ነው? እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ያን ሰሞን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ የማይገባኝንም ሐኪሙን እየደጋገምኩ ጠየቅኩ።

አንድ ጎልማሳ በቀን ወደ 10 ሺህ ሊትር የሚሆን አየር ያስገባል። ከአየሩ ጋር የሚገባውን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ያጣራሉ። ከዚያ ያለፈውን በቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ፀጉሮች ከአክታ ጋር እየጠረጉ ወደ ላይ ይመልሱታል። ይህ ጥበቃ ለትልልቁ ብናኝ የተሠራ ነው። ከእሳትና ከሞተር የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ግን ሌላ ነው። ባለሙያዎች ፒ ኤም 2.5 የሚሉት ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ሠላሳ ጊዜ ያህል ይቀጥናል ማለት ነው። ይህ ብናኝ ዘበኞቹን ሁሉ አልፎ አየርና ደም እስከሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። ከሁሉ የደቀቀው ወደ ደም እስከ መግባት ይደርሳል።

እዚያ ሲደርስ ሰውነት ዝም አይልም። ባዕድ ነገርን የሚውጡ የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ይዘምቱበታል፤ ሥፍራው ይቆጣል፣ ያብጣል። አንድ ቀን ቢሆን ቁጣው ይበርዳል። በየቀኑ ለዓመታት ሲሆን ግን መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ይሆናል፤ የቧንቧዎቹ ግድግዳ ይወፍራል፣ አክታው ይበዛል፣ የከረጢቶቹም ስስ ግድግዳ ይፈርሳል። ሳንባ እንደ ላስቲክ የመመለስ ኃይሉን ያጣል። እኔ አክስቴ አየር ለማስገባት የምትታገል ይመስለኝ ነበር፤ ዋናው ትግሏ ግን የገባውን ለማስወጣት ነው። አሮጌው አየር ተጠራቅሞ ስለሚቀር አዲሱ ቦታ ያጣል።

ሐኪሙ የነገረኝ ሌላም አለ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ትርፍ የለውም። ጤነኛው ሰው ከአንድ ጢስ ካለበት ጠዋት ሁለት ጊዜ ስሎ ይወጣል። በጠበበ ቧንቧ የሚተነፍሰው ሰው ግን ያችው ቁጣ ስትጨመርበት ቧንቧው ሊዘጋ ይደርሳል። ስለዚህም ነው በየአገሩ ብናኙ በጨመረ በዚያው ቀን ወይም በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ሆስፒታል የሚገባው የዚህ ሕመም በሽተኛ የሚበዛው። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ መባባስ ደግሞ ከሄደ በኋላ ሳንባውን ወደ ነበረበት ላይመልሰው ይችላል። ደረጃ እንደ መውረድ ነው፤ ወጥቶ መመለስ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ይህ ሕመም 3.23 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ሀብታም በሚባሉት አገሮች ከበሽተኞቹ ከመቶ ሰባው በላይ በሲጋራ የታመመ ነው። እንደ እኛ ባሉት አገሮች ግን የሲጋራ ድርሻ ከመቶ ከሠላሳ እስከ አርባ ነው፤ ከቀሩት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የማድ ቤት ጢስ ነው። ወጣቱ ሐኪም ስለ ሲጋራ የጠየቀው የተማረበት መጽሐፍ ስለሌላ አገር ሰው ስለተጻፈ ይሆናል።

* * *

ይህ እውቀት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1952 በታኅሣሥ መጀመሪያ በለንደን ከተማ ነፋስ ቆመ፣ ብርዱ በረታ፣ ሰው ሁሉ ከሰል አነደደ። ጢሱ አምስት ቀን ከተማው ላይ ተኛ። በዚያን ጊዜ በተደረገው ግምት ወደ አራት ሺህ ሰው ሞተ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ ዐሥራ ሁለት ሺህ አድርሰውታል። ብዙዎቹ ቀድሞውንም ደረታቸው የታመመ ሽማግሎችና አሮጊቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሰው መሞቱን ሲቀጥል መንግሥቱ ምክንያቱ ጉንፋን ነው አለ። ስለ ንጹሕ አየር ሕግ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ በ1956 ነው።

ሌላው ታሪክ በአሜሪካ በዩታ ሸለቆ የሆነው ነው። እዚያ የነበረ አንድ የብረት ፋብሪካ በሠራተኞችና በባለቤቶች ጠብ ምክንያት ከ1986 እስከ 1987 ለዐሥራ ሦስት ወር ያህል ተዘጋ። አንድ የምጣኔ ሀብት ምሁር የሆስፒታሎችን መዝገብ መርምሮ ፋብሪካው በተዘጋበት ክረምት በደረት ሕመም የገቡት ሕፃናት ፋብሪካው በሚሠራባቸው ክረምቶች ከገቡት ከሁለትና ከሦስት እጅ ያነሱ ሆነው አገኛቸው። ሰው ሁሉ ያው ሰው፣ ሸለቆው ያው ሸለቆ ነው። የተለወጠው የጢሱ መኖርና አለመኖር ብቻ ነው። በ1993 ደግሞ በስድስት የአሜሪካ ከተሞች ከስምንት ሺህ በላይ ሰዎችን ከዐሥራ አራት ዓመት በላይ የተከታተለ ጥናት ታተመ። የአጫሹና የማያጫሹ ልዩነት ከተቀነሰ በኋላ እንኳ አየሩ ከሁሉ በቆሸሸው ከተማ የሚሞተው ሰው ከሁሉ በጠራው ከተማ ከሚሞተው ከመቶ ሃያ ስድስት እጅ ይበልጥ ነበር።

ከእነዚህ ጥናቶች ወዲህ የሆነው ነገር ለእኔ ጥያቄ ዋና ነው። ተመራማሪዎች «ከዚህ በታች ከሆነ አይጎዳም» የሚባል ወሰን ሲፈልጉ ወሰኑ እየሸሸ አስቸገራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ10 ማይክሮግራም አይብለጥ ብሎ ነበር፤ በ2021 ወደ 5 አወረደው። በእንጨት እሳት በሚሠራ ማድ ቤት ውስጥ ግን ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት ብናኙ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይቆጠራል። ትንሽ ጢስ ትንሽ ይጎዳል፤ ብዙ ጢስ ብዙ ይጎዳል፤ ምንም የማይጎዳ ጢስ ግን እስካሁን አልተገኘም።

* * *

ወደ ቤቴ ልመለስ። አክስቴን ወደ እኔ ቤት አምጥቼ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። ከሰሉን አስወጣሁ፤ ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን ዕጣን እንኳ በስንት ልመና አስተውኳት። መብራታችን በአብዛኛው የሚመጣው ከወንዝ ውኃ ስለሆነ፣ እኔ ቤት የጠፋው ጢስ በሌላ ሰው ሠፈር አልተነሣም ብዬም ተደሰትኩ። አንድ ወር ያህል ሳሏ ቀለል አለላት።

ከዚያ በጥቅምት፣ ብርዱ ሲገባ፣ ተመልሶ ባሰባት። አዲስ አበባ በተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በበጋ ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ሆኖ ክዳን ይሠራል፤ ጢሱ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ በየጣሪያው ላይ ይተኛል። አንድ ጎሕ ላይ አክስቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ስታጣጥር ደረስኩባት። መስኮቱን ልከፍትላት ስሄድ ጢሱ ከዚያው በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ አየሁት። የሚመጣው ከአጥራችን ማዶ ነበር።

በንዴት ወጣሁ። ማለዳ ላይ የሰው በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ወጣት ሴት ልጅ በጀርባዋ አዝላለች፤ እጇ እስከ ክንዷ ሊጥ ነው፤ ዐይኖቿ ቀልተዋል። ከኋላዋ ከቆርቆሮ የተሠራች ማድ ቤት ትጨሳለች። ሦስት ምጣድ አለ። በጎን ያለው ማገዶ ቅጠልና ሰጋቱራ ነው። አንድ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ፣ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቁራሽ እንጀራ ይበላል።

ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ያም ሆኖ የመጣሁበትን ነገርኳት፤ በቤቴ የታመመች አሮጊት እንዳለች፣ ጢሱ እንደሚገድላት።

«ውይ እማማን!» አለች ደንግጣ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እኔ ጢሱን ወድጄው ነው? መጀመሪያ የሚበላው እኔንና ይህችን ልጅ ነው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ አከራዬ ቆጣሪው ለሁላችንም አንድ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ አትሰኪም ብሎኛል። ብተወው ምን አበላቸዋለሁ?»

ቤቴ ስመለስ ወደ ወረዳው ሄጄ ለመክሰስ አሰብኩ። አክስቴ ሐሳቤን ሳልነግራት ዐወቀችው። «እንዳትሄድ» አለችኝ። «ያን ጊዜ የእኔ ጎረቤቶች ቢከሱኝ ኖሮ አንተ ዛሬ የት ነበርክ?»

* * *

አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ጉዳት ደርሷል፤ ተጎጂዋ አልጋዬ ላይ አለች። ጥፋተኛው ማነው?

ጎረቤቴ ናት እንዳልል፣ የምታደርገው ልጆቿን ለማብላት ነው፤ ከጢሱም ትልቁን ድርሻ የምትስበው ራሷ ናት። ደግሞም የአክስቴን ሳንባ ያጠበበው የዚህች ሴት ጢስ አይደለም፤ የአክስቴ የራሷ ምድጃ ነው። የጎረቤቴ ጢስ የጨመረው በተረፈው ላይ ነው። አክስቴ ራሷ ናት እንዳልል፣ በዚያን ጊዜ ሌላ ምን ምርጫ ነበራት? የሚጎዳት መሆኑንም የነገራት አልነበረም። እኔ ነኝ እንዳልል ሕፃን ነበርኩ።

ደግሞ ጢሱ የምጣድ ብቻ አይደለም። እኔ አክስቴን ወደ ሐኪም የምወስድባት መኪና ሃያ ምናምን ዓመት ያለፋት ናት። መንግሥት በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ቢከለክልም፣ እንደ እኔዋ ያሉ ቀድመው የገቡት ከተማውን ሞልተውታል። አክስቴን ለማዳን በሄድኩበት መንገድ ዳር ጉልት ዘርግተው የተቀመጡ ሴቶች አሉ፤ የእኔ መኪና ጢስ ወደ እነሱ ይሄዳል። እኔ ግን አንድ መኪና ነኝ። የእኔዋ ብትቆም የአዲስ አበባ አየር ምን ይለወጣል? ይህን ክርክር እያንዳንዱ ባለ መኪና ሊያቀርበው ይችላል፤ ያቀርበዋልም።

ለዚህ ክርክር ዴሬክ ፓርፊት የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ ፈጥሯል። ሺህ ገራፊዎችና ሺህ እስረኞች አሉ እንበል ይላል። በቀድሞው ጊዜ እያንዳንዱ ገራፊ አንድ እስረኛ ይዞ የሕመሙን መዘውር ሺህ ጊዜ ያዞርበት ነበር። አሁን ግን ዘዴ ለወጡ፤ እያንዳንዱ ገራፊ አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ቁልፉም በሺሁም እስረኞች ላይ መዘውሩን አንዲት ብቻ ያዞራል። አንዲቷን ማንም እስረኛ አይለያትም። እያንዳንዱ ገራፊ «እኔ ማንንም አላሳመምኩም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እስረኞቹ ግን እንደ ቀድሞው ሙሉውን ሥቃይ ይሠቃያሉ። ፓርፊት ገራፊዎቹ ከቀድሞው በምንም አይሻሉም ይላል።

እኛ ደግሞ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። የተረቱ ምክር ሸክምን ተካፈሉ ነው። ጢስ ግን ተረቱን ገልብጦታል። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሎሚ በእጃችን ይዘን፣ ሽታዋ እየጣፈጠን እንሄድና ሁላችንም ሎሚያችንን በአንዲት አሮጊት ደረት ላይ እናስቀምጣለን። ለሃምሳችን ጌጥ የነበረው ለእሷ ሸክም ይሆናል። ሎሚዬ ትንሽ ናት ማለት እውነት ነው፤ ሎሚዬ የለችም ማለት ግን ውሸት ነው። የማይጎዳ መጠን አልተገኘም ያልኩት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ከወሰን በታች ያለ ጢስ የማይጎዳ ቢሆን ኖሮ «የእኔ ከወሰኑ በታች ነው» ማለት ይቻል ነበር።

ሆኖም ፓርፊት የእኔን ነገር ሙሉ በሙሉ አይፈታልኝም። የእሱ ገራፊዎች ክፉዎች ናቸው፤ ሥራቸው ማሠቃየት ነው። ጎረቤቴ ግን እንጀራ ነው የምትጋግረው። እዚህ ላይ ብዙ ሳምንት ተደናቀፍኩ። ጥፋተኛ ስፈልግ ጎረቤቴን ችግሯ፣ እኔን ልጅነቴ፣ ባለ መኪናውን የድርሻው ማነስ፣ መንግሥትን የአገሪቱ ድህነት ነጻ ያወጣቸዋል። ሁሉም በነጻ ይሰናበታል፤ አክስቴ ግን ማሳሏን አላቆመችም። ሬሳ ፊቱ ተጋድሞ ሁሉን በነጻ የሚያሰናብት ዳኛ ምናልባት ጥያቄውን ተሳስቶ ይሆናል።

ጥፋትና ዕዳ ለየቅል መሆናቸው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋተኛ ለመሆን ክፉ መሥራት ያስፈልጋል። ባለዕዳ ለመሆን ግን መቀበል ብቻ ይበቃል። ሕፃን ሆኜ ከአክስቴ ጢስ ምንም አላጠፋሁም፤ ነገር ግን ተቀብያለሁ። የጎረቤቴን እንጀራ የሚገዛ ምግብ ቤትም፣ እዚያ ምሳውን የሚበላም ተቀብሏል። «ዋጋውን ከፍለናል» ይባል ይሆናል። የትኛውን ዋጋ? በእንጀራ ዋጋ ውስጥ ጤፉ አለ፣ ማገዶው አለ፣ ድካሟም ጥቂት ጥቂት አለ። የጋጋሪዋ ሳንባ ግን አልተሰላም። እንጀራው የረከሰልን ከዋጋው አንዱ ክፍል ሳይከፈል ስለቀረ ነው። ያልተከፈለውን እሷ ከደረቷ ትከፍላለች።

አንድ ሰው ደግሞ፣ «ሁሉም ባለዕዳ ከሆነ ዕዳውም እንደ ሎሚዋ ተከፋፍሎ ሊጠፋ ነው» ቢለኝ ይህንን እመልሳለሁ፦ ዕዳው ሁለት ዓይነት ነው። ፊቷን የማላውቃት ጋጋሪ ያለባትን ለብቻዬ ልከፍል አልችልም፤ የሚከፈለው በጋራ ኪስ ነው። ለዚህ ነው ግብር የምንከፍለው፤ ለዚህም ነው ቆጣሪና የመብራት መስመር፣ የተሻለ ምድጃም የመንግሥት ሥራ የሚሆኑት። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ አለ፤ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ግን ጢሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ፊቷን የማውቃት ጋጋሪ ዕዳ ግን የእኔ ነው። ከአጥሬ ማዶ ናትና ለመንግሥት ላስተላልፈው አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ሆነልኝ። ለአንዱ ያለብኝን ዕዳ ከሌላው ወስጄ መክፈል አልችልም። ወረዳ ሄጄ ጎረቤቴን ባስዘጋት ኖሮ፣ የአክስቴን ዕዳ በዚያ ደፍ ላይ በተቀመጠ ልጅ ቁራሽ እንጀራ ከፈልኩ ማለት ነበር።

* * *

ይህን ሁሉ ሳሰላስል አክስቴ ከእኔ ቀድማ ጨርሳው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ያ ምጣድ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚሠራው» አለችኝ። «የቀረውን ስድስት ቀን ጾሙን ለምን ይውላል? ልጅቱን ጥራት።»

ጠራናት። መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ስለ መብራቱ ሒሳብ ጠየቀች። የማገዶዋን ወጪ ያህል ትከፍላለች፤ የቀረውን እኔ እጨምራለሁ፤ ተስማማን። አሁን በሳምንት አራት ቀን እኛ ቤት ትጋግራለች። ሕፃኗ አክስቴ አልጋ ላይ ትተኛለች። አክስቴ ከወንበሯ ሆና፣ «አብሲትሽ አልበሰለም» እያለች ትቆጣታለች።

ነገሩ ተፈታ ለማለት አልደፍርም። በአንድ ምጣድ የሚወጣው በሦስት ምጣድ የሚወጣውን አያህልም፤ ስለዚህ ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ ያች የቆርቆሮ ማድ ቤት ትጨሳለች። መብራት ሲጠፋም ትጨሳለች። ባለፈው ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ጎሕ ሲቀድ ጢሱ መጣ፤ እኔም መስኮቱን በፎጣ ልወትፍ ተነሣሁ። አክስቴ መድኃኒቷን በእጇ ይዛ፣ «ተወው፣ ዛሬ ምን ታድርግ» አለችኝ። እሷ ይቅር ማለት ትችላለች፤ ደረቱ የእሷ ነውና። የእሷን ይቅርታ እንደ ደረሰኝ ቆጥሬ ኪሴ ልከተው ግን አይገባኝም። ፎጣውን ወተፍኩ።

በዚያው ቀን ከመሥሪያ ቤቴ አጠገብ ባለች ምግብ ቤት ምሳ በላሁ። እንጀራው ሲመጣ አስተናጋጁን፣ «ይህን ከየት ነው የምታመጡት?» አልኩት።

«አንዲት ሴትዮ አለች፣ ታመጣልናለች» አለኝ።

«በምንድን ነው የምትጋግረው? በመብራት ነው በእንጨት?»

ልጁ የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «እሱን አላውቅም ጋሼ» አለኝ። «ግን ጥሩ እንጀራ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ጥሩ እንጀራ ነበር። በላሁት።